«የተማረ ይግደለኝ»፦ የግሩነቫልድ ሠፈር ለኅሊና የሚያቀርበው ጥያቄ

አባቶቻችን ለዕውቀት ያላቸውን ክብር ሲገልጡ «የተማረ ይግደለኝ» ይላሉ። ይህ አባባል ሞትን መመኘት አይደለም። ሞት የማይቀር ከሆነ ከመሃይም እጅ የተማረ ሰው እጅ ይሻላል፤ የተማረ ሰው ያመዛዝናል፣ ይራራል፣ ያለ ፍርድ አይነካም ከሚል እምነት የመነጨ ነው። እምነቱም የእኛ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት የሚያቋቁም መንግሥት፣ ልጁን ለማስተማር በሬውን የሚሸጥ ገበሬ፣ ሕዝብን ለማንቃት የሚደክም ካድሬ፣ ተውኔት የሚደርስ ጸሐፊ፣ ሁሉም በልባቸው የያዙት ይህንኑ ነው፤ ሰው ዕውቀትን በገበየና ውበትን በለየ መጠን የተሻለ ሰው ይሆናል ብለው ያምናሉ።

ለመሆኑ ይህ እውነት ነውን? እውነት ካልሆነስ መምህር የሚያስተምረው፣ የኪነ ጥበብ ሰውም የሚደክመው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው በቃላት ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በአንድ የታወቀ ሥፍራ ላይ አሳርፎ መመርመሩ ይበጃል። ለዚህም በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን፣ በምዕራብ በኩል የሚገኘውን ግሩነቫልድ የተባለውን የባለጸጎች ሠፈር መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ሀብት፣ ዕውቀትና ኪነ ጥበብ በአንድ አጥር ግቢ የኖሩበት፣ ከዚያም በታሪክ ከሁሉ የከፋ በተባለ ፈተና ያለፉበት ሥፍራ ነውና፣ ጥያቄያችንን ሊመልስ የሚችል ሠፈር ቢኖር ይህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግሩነቫልድ በጀርመንኛ «አረንጓዴ ደን» ማለት ነው። ስሙ የተገኘው የብራንደንቡርግ ገዥ የነበረው ዳግማዊ ዮአኪም በ1542 በደኑ ውስጥ ካሠራው የአደን ቤት ነው። ደኑ ለረዥም ዘመናት የገዥዎች የአደን ሥፍራ ሆኖ ኖረ። በ1871 ግን ጀርመን አንድ መንግሥት ሆነች፤ በርሊንም የአዲሱ መንግሥት መናገሻ ሆና በፍጥነት ማደግ ጀመረች። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ መሪ የነበረው ቢስማርክ፣ በርሊን እንደ ፓሪስ ያለ ሰፊ ጎዳና እንዲኖራት ፈለገ። ኩርፊርስተንዳም የተባለው የድሮ የአደን መንገድ 53 ሜትር ስፋት ያለው አውራ ጎዳና እንዲሆን በ1875 ተወሰነ። ችግሩ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነበር። በ1882 ዶይቸ ባንክ የተሳተፈበት አንድ ኩባንያ ተቋቋመ። ኩባንያው ጎዳናውን ሊሠራ፣ በለውጡም 234 ሔክታር ያህል የደን መሬት ገዝቶ የቪላ ሠፈር እንዲያቋቁምበት መብት ሊያገኝ ተዋዋለ። ሠፈሩ በ1889 ተቆረቆረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ዛሬ ጎብኚው የሚያደንቃቸው ሐይቆች፣ ማለትም ዲያናዜ፣ ኬኒግስዜ፣ ሔርታዜና ሁበርቱስዜ የተባሉት፣ ተፈጥሮ የሰጠቻቸው አይደሉም። ረግረጉ ተቆፍሮ ውሃ እንዲቋጥር ተደርጎ፣ የወጣውም አፈር ለቤት መሥሪያ የሚሆነውን መሬት ከፍ ለማድረግ ዋለ። ረግረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሬቱ አይሸጥም ነበር፤ ሐይቅ ያለበት ግን በውድ ይሸጣል። የሠፈሩ ዋና መንገድ ኬኒግስአሌ ሲባል ሰምቶ የንጉሥ ጎዳና የሚመስለው ብዙ ነው፤ የተሰየመው ግን ከሠፈሩ መሥራቾች አንዱ በነበረው በባንክ ባለሀብቱ በፌሊክስ ኬኒግስ ስም ነው። እንግዲህ ውበቱ ከመጀመሪያው የሂሳብ ሥራ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዘመን በርሊን ውስጥ የፋብሪካ ወዛደሮች በቬዲንግና በሌሎች ሠፈሮች፣ ጨለማ ግቢ በጨለማ ግቢ ላይ በተደራረበባቸው የኪራይ ግምቦች ውስጥ ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። ግሩነቫልድ የዚያች ከተማ ሌላው ገጽታ ነው። የአንዱን ስፋት ያለ ሌላው ጥበት መረዳት አይቻልም።

ይሁን እንጂ ሠፈሩን የገንዘብ ሠፈር ብቻ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ይሆናል። ሕዝቡ «የሚሊዮኔሮች ሠፈር» እያለ ቢጠራውም፣ በእነዚያ ቪላዎች ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የባንክና የፋብሪካ ባለቤቶች ብቻ አልነበሩም። የዘመኑን ታላላቅ ደራስያን መጻሕፍት ያሳተመው ሳሙኤል ፊሸር፣ አዲሱን የፊዚክስ ትምህርት የመሠረተው ማክስ ፕላንክ፣ የሃይማኖት ሊቁ አዶልፍ ፎን ሐርናክ፣ የታሪክ ሊቁ ሐንስ ዴልብሩክ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ካርል ቦንሆፈር፣ የቴአትር ሐያሲው አልፍሬድ ኬር፣ የሙዚቃ ወዳጅና ደጋፊ የነበሩት የሜንደልስዞን ቤተሰብ አባላት ሁሉ ነዋሪዎች ነበሩ። በአንድ ጎዳና ላይ አንዱ ስለ ብርሃን ባሕርይ ሲመራመር፣ ከጥቂት ቤቶች ወዲያ ሌላው ፒያኖ ይጫወታል። ሃይማኖታቸው ክርስትና የሆነ፣ ይሁዲነት የሆነ፣ ምንም ሃይማኖት የሌላቸውም በአንድ ማዕድ ይቀርቡ ነበር። ዕውቀትና ውበት ሰውን የሚያሻሽሉ ከሆነ፣ ሰው ሊሻሻል የሚገባው እዚህ ሠፈር ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ፈተና ጁን 24 ቀን 1922 ደረሰ። በኬኒግስአሌ ቁጥር 65 ይኖር የነበረው ቫልተር ራተናው የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። አባቱ ኤሚል ራተናው ታላቁን የኤሌክትሪክ ኩባንያ የመሠረተ ሰው ነው። ልጁም ኩባንያውን መራ፤ መጻሕፍትም ጻፈ። በ1917 ባሳተመው መጽሐፉ ውርስና ቅንጦት ሊገደቡ ይገባል ብሎ ተከራክሯል፤ እርሱ ራሱ ግን በቅንጦት ይኖር ነበር። ይህን ግጭት ጠላቶቹም ወዳጆቹም ሳያነሡበት አልቀሩም። በኤፕሪል 1922 ከሶቪየት ሩሲያ ጋር በራፓሎ የተደረገውን ስምምነት የፈረመው እርሱ ነው። ለቀኝ አክራሪዎች ግን ይህ ሁሉ ከአንድ ነገር አይበልጥም ነበር፤ ይኸውም አይሁዳዊ መሆኑ ነው። በዚያች ጠዋት ክፍት በሆነ መኪና ወደ ሥራው ሲሄድ፣ በሌላ መኪና የመጡ ሰዎች ቀድመውት በመትረየስና በእጅ ቦምብ ገደሉት። በአቅራቢያው በነበረው የግሩነቫልድ ትምህርት ቤት የተኩሱ ድምፅ በክፍል ውስጥ እንደተሰማ በዚያ ይማር የነበረ ሰው በኋላ መስክሯል።

ገዳዮቹ እነማን ነበሩ? ከጨለማ የወጡ፣ ፊደል ያልቈጠሩ ሽፍቶች ነበሩን? አልነበሩም። አንዱ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረ፣ ሁለተኛው መሐንዲስ፣ መኪናውን የነዳው ደግሞ የአንድ የበርሊን ሹም ልጅ የሆነ ተማሪ ነበር። በሤራው ውስጥ የዚህ ተማሪ ታናሽ ወንድም፣ የ16 ዓመት የትምህርት ቤት ልጅም ነበረበት። ሁሉም የተማሩ፣ ወይም በመማር ላይ የነበሩ ናቸው። የተማረ ገደለ። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው ሠፈር ይኖር የነበረው ጋዜጠኛ ማክሲሚልያን ሐርደን በተመሳሳይ ሰዎች ተደብድቦ ለጥቂት ተረፈ።

ከዚህ ሐዘን መካከል አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የሟቹ እናት ማቲልደ ራተናው መኪናውን ለነዳው ተማሪ እናት ደብዳቤ ጻፉ። ልጅዎ ጥፋቱን በፍርድ ፊት ካመነና ከተጸጸተ፣ በሟቹ ልጄ ስም ይቅር እላለሁ የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። ልጃቸው በተገደለ ማግሥት የገዳይን እናት እንደ እናት ማየት የቻሉ ሴት ነበሩ። ይህንን ያደረጉት ብዙ መጽሐፍ ስላነበቡ ነው ብሎ የሚናገር አይገኝም። በሌላ በኩል፣ ናዚዎች በ1933 ሥልጣን በያዙ ጊዜ ለሁለቱ ገዳዮች የመታሰቢያ ሥርዓት አደረጉላቸው። አንዲት እናት ይቅር ያለችውን ወንጀል መንግሥት ጀግንነት አደረገው።

ከ1933 ጀምሮ ሠፈሩ በመልክ ሳይለወጥ በነዋሪ መለወጥ ጀመረ። ዛፎቹ ያው ናቸው፤ ሐይቆቹም ያው። የስም ሰሌዳዎቹ ግን በዝግታ ተቀየሩ። ደራሲው ሊዮን ፎይክትቫንገር ሒትለር ሥልጣን ሲይዝ በአሜሪካ ትምህርታዊ ንግግር በማድረግ ላይ ነበር፤ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በማለር ጎዳና ቁጥር 8 የነበረው ቤቱ ተዘረፈ፤ ከዚያም ሌላ ሰው ገባበት። የጎዳናው ስም እንኳ፣ ሙዚቃ ደራሲው ማለር ከአይሁድ የተወለደ ነውና፣ ተሽሮ በሌላ ሙዚቃ ደራሲ በሬገር ስም ተተካ። በ1935 ፎይክትቫንገር በስደት ሆኖ በቤቱ ለሚኖረው ለማያውቀው ሰው ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ አሳተመ። የደብዳቤው ዋና ቁም ነገር ንብረቴን መልስ የሚል ብቻ አይደለም። በሌላ ሰው መደርደሪያ መካከል፣ በሌላ ሰው ምንጣፍ ላይ የሚኖር ሰው ከራሱ ጋር እንዴት ይኖራል የሚል ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ በስላቅ የተጻፈ ቢሆንም ክብደቱ ቀላል አይደለም። ምክንያቱም የዚያ ቤት አዲስ ነዋሪ አረመኔ ላይሆን ይችላል። አበባውን ያጠጣል፤ ልጆቹን ያስተምራል፤ ማታ ሙዚቃ ያዳምጣል። ክፋት ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ በቁልፍ ይመጣል፤ በሩን በጸጥታ ከፍቶ ይገባል፤ ሕጋዊ ወረቀትም ይይዛል።

ሁለተኛውና የከፋው ፈተና ኦክቶበር 18 ቀን 1941 ደረሰ። የግሩነቫልድ ባቡር ጣቢያ በ1879 የተከፈተ ሲሆን፣ የበርሊን ሕዝብ በእሑድ ቀን ወደ ደኑ ለመዝናናት የሚወርድበት ጣቢያ ነበር። በዚያን ዕለት ግን ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የበርሊን አይሁዳውያን፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ጭምር፣ ሻንጣቸውን ይዘው በዝናብ ወደ ጣቢያው ተነዱ። ከዚያ በፊት በሌቬትዞ ጎዳና በነበረው ምኵራብ ውስጥ ታጉረው ነበር። ከምኵራቡ እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ በርካታ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ያለፉት በእግራቸው፣ በአደባባይ ጎዳና፣ በሰው ዓይን ፊት ነው። ባቡሩ ወደ ሎጅ ከተማ ተጓዘ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ከበርሊን ከ50 ሺህ የሚበልጡ አይሁዳውያን ከዚህና ከሌሎች ጣቢያዎች ተግዘዋል፤ አብዛኞቹም አልተመለሱም።

ይህ ሥራ በምን ዓይነት ሥርዓት እንደተፈጸመ ማወቅ ለጥያቄያችን አስፈላጊ ነው። ከመጋዙ በፊት እያንዳንዱ ሰው ባለ 16 ገጽ የንብረት ዝርዝር እንዲሞላ ይገደድ ነበር፤ ስንት ወንበር፣ ስንት ሹካ፣ ስንት ሸሚዝ አለህ ተብሎ ይጠየቃል። በኖቬምበር 1941 የወጣው ደንብ ደግሞ፣ የተጋዘው ሰው ድንበሩን እንዳለፈ ንብረቱ የመንግሥት ይሆናል ይላል። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ለተጋዦቹ ጉዞ ዋጋ በኪሎ ሜትር ያስከፍል ነበር፤ ለሕፃናትም ቅናሽ ነበረው። ይህን ሠንጠረዥ ያዘጋጀ ሰው አስልቶ ማካፈል ያውቃል። ደንቡን የጻፈው ሰው ሕግ ተምሯል። ከግሩነቫልድ ብዙም በማይርቅ፣ እንደዚሁ በሐይቅ ዳር በሚገኝ የቫንዜ ቪላ ውስጥ ጃንዩወሪ 20 ቀን 1942 ተሰብስበው የአውሮፓን አይሁድ የማጥፋት ሥራ እንዴት እንደሚቀናጅ ከተነጋገሩት 15 ሰዎች መካከል፣ ስምንቱ የዶክትሬት ማዕረግ የነበራቸው ናቸው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባል ከዚህ በላይ የመረረ ምላሽ አግኝቶ አያውቅም።

ታዲያ ይህን እንዴት እንረዳው? ሦስት መልሶች በብዛት ይሰጣሉ። ሦስቱንም በየተራ መመዘን ይገባል።

የመጀመሪያው መልስ፣ ዕውቀታቸው እውነተኛ ዕውቀት አልነበረም የሚል ነው። ይህ መልስ ይመቻል፤ የእኛን ዕውቀት ንጹሕ አድርጎ ይተውልናልና። ነገር ግን አይጸናም። የሕግ ሊቃውንቱ ሕግ ያውቁ ነበር፤ መሐንዲሱም ምሕንድስና። ዕውቀታቸው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ሥራቸው ይህን ያህል ባልተሳካ ነበር። ክፋቱን ስፋት የሰጠው ዕውቀቱ እውነተኛ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መልስ፣ ሁሉም ነገር የመደብ ጉዳይ ነው፤ ከበርቴው ጥቅሙን ለማስጠበቅ ፋሽዝምን ወለደ የሚል ነው። በዚህ መልስ ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። ሠፈሩ በምን ሂሳብ እንደተሠራ ከላይ አይተናል፤ ለናዚዎች ገንዘብ ያዋጡ ታላላቅ ባለሀብቶች እንደነበሩም ታሪክ መዝግቦታል። ሆኖም መልሱ ሙሉ አይደለም። ከዚያው መደብ፣ ከዚያው ጎዳና የተገደለም፣ የተጋዘም፣ ያሳደደም፣ የተሸሸገም፣ ሕይወቱን ለሌላ የሰጠም ወጥቷል። የኑሮ መሠረት ሰው የቆመበትን መሬት ያሳየናል፤ በዚያ መሬት ላይ ቆሞ ወደየት እንደሚራመድ ግን ብቻውን አይነግረንም። ሰውን ሁሉ መደቡ ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ቢሆን፣ ማንም በማንም ሥራ ሊጠየቅ ባልቻለ ነበር። ሌላውን በዚህ መንገድ የሚኰንን ሰው፣ ሳያውቀው ራሱንም ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣል።

ሦስተኛው መልስ ፍርሃት ነው። እርግጥ ነው፣ አምባገነን አገዛዝ ያስፈራል፤ በፍርሃት ዝም ያለውንም ሰው ከሩቅ ሆኖ መዝለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ራተናው በተገደለበት በ1922 ሰዎችን እንዲጠሉ ያስገደዳቸው አልነበረም። ፍርሃት ከመምጣቱ በፊት ልምድ ነበረ፤ ይኸውም ከአጥር ወዲያ ያለው ነገር አያገባኝም የማለት ልምድ ነው። ፍርሃት ሲመጣ ያገኘው አስቀድሞ የተዘጋጀ ቤት ነበር።

እዚህ ላይ በዋንገንሃይም ጎዳና ቁጥር 14 ወደሚገኘው ወደ ቦንሆፈር ቤት መመለስ ይገባናል። ቤተሰቡ በ1916 ገብቶበት ስምንት ልጆችን ያሳደገበት ቤት ነው። ከሌሎቹ ቤቶች በሀብትም ሆነ በትምህርት የተለየ አልነበረም። በመጻሕፍት፣ በሙዚቃና በአገልጋዮች የተሞላ የከበርቴ ምሁር ቤት ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 1933 ናዚዎች በአይሁድ ሱቆች በር ላይ ዘብ አቁመው ሕዝቡ እንዳይገዛ በከለከሉ ጊዜ፣ ዘጠና ዓመት የሞላቸው የቤተሰቡ አያት ዩልየ ቦንሆፈር በዘቦቹ መካከል አልፈው ካደቬ ከተባለው ትልቅ መደብር ዕቃቸውን ገዝተው ወጡ። ድርጊቱ ትንሽ ነው። አገዛዙን አልነቀነቀውም። ነገር ግን የልጅ ልጆቻቸው አይተውታል።

ከእነዚያ የልጅ ልጆች አንዱ፣ ወጣቱ የሃይማኖት መምህር ዲትሪሽ ቦንሆፈር፣ በኦክቶበር 1941 የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በተነሡ ቀናት፣ ከአንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጁ ጋር ሆኖ ስለ ግዞቱ ዝርዝር ዘገባ አዘጋጀ፤ ዘገባውም በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ተቃውሞ ለነበራቸው ሰዎች እንዲደርስ ተደረገ። የእኅቱ ባል የነበረው የሕግ ሊቁ ሐንስ ፎን ዶናኒ፣ በ1942 አሥራ አራት ሰዎች ወደ ስዊስ እንዲያመልጡ አደረገ፤ ዲትሪሽም በዚህ ተባበረ። ሁለቱም በኤፕሪል 1943 ታሰሩ። በኤፕሪል 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ ዲትሪሽና ዶናኒ፣ ወንድሙ ክላውስና ሌላው የእኅቱ ባል ሩዲገር ሽላይኸር ተገደሉ። ጎረቤታቸው የነበረው የማክስ ፕላንክ ልጅ ኤርቪንም በዚያው ዓመት በጃንዩወሪ ተሰቅሏል። ከሐርናክ ቤተሰብም ልጁ ኤርንስት በማርች ወር ተገድሏል።

ልብ እንበል፤ ዶናኒም የሕግ ሰው ነበር። በቫንዜ ቪላ ከተሰበሰቡትም መካከል በርካታዎቹ የሕግ ሰዎች ነበሩ። መጻሕፍታቸው ተመሳሳይ ነበር፤ መምህራኖቻቸውም ምናልባት ተመሳሳይ ነበሩ። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ትምህርቱ አይደለም ማለት ነው። ደግሞም የቦንሆፈርን ቤት የቅዱሳን ቤት አድርገን አናቅርበው። አባትየው ፕሮፌሰር ካርል ቦንሆፈር፣ ሰዎችን በግዳጅ ያመክን በነበረው የናዚ ሕግ መሠረት ለፍርድ ቤቶች የባለሙያ አስተያየት ሲሰጡ ነበር። ኅሊና አንድ ጊዜ ተገዝቶ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በአንድ ጉዳይ ነቅቶ በሌላው ሊያንቀላፋ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። ዕውቀት ዓይን ነው፤ እግር ግን አይደለም። ያያል፤ ወደሚታየው ነገር መሄድን ግን በራሱ አይሰጥም። ውበትም እንዲሁ ነው። ሙዚቃ ልብን ያለሰልሳል፤ የለሰለሰው ልብ ግን ለራሱ ብቻ ሊያለቅስ ይችላል። ሰውን ከሰው የለየው፣ የሌላውን ጉዳይ ወደ አጥሩ ውስጥ አስገብቶ የራሴ ነው ማለትን መልመዱ ነው። ይህም ልምድ በትንሽ ነገር ይጀምራል፤ ከተከለከለ ሱቅ ቅቤ በመግዛት፣ የሚሰደበውን ጎረቤት በስሙ በመጥራት፣ ባዶ የሆነውን ቤት አልገባም በማለት። በትንሹ ያልተለማመደ ሰው በትልቁ ቀን በድንገት ጀግና አይሆንም። ኅሊና እንደ እጅ ሥራ ነው፤ ካልሠሩበት ይረሳል።

እንዲህ ከሆነ ኪነ ጥበብና ትምህርት ከንቱ ናቸውን? አይደሉም። ዓይን ከሌለ እግር ገደል ይገባል። የፎይክትቫንገር ደብዳቤ ቤቱን አላስመለሰለትም፤ ነገር ግን የተሰረቀን ቤት ቤት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አድርጎታል። የቦንሆፈር ዘገባ ባቡሩን አላቆመም፤ ነገር ግን አላወቅንም የሚለውን ምክንያት ውድቅ አድርጎታል። ጥበብ በጎነትን ሊተካ አይችልም፤ ለክፋት ግን መሸሸጊያ ሊያሳጣው ይችላል። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውንም መመልከት ያስፈልጋል። የፈራረሰችው በርሊን ፍርስራሽ፣ 26 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህሉ፣ ናዚዎች በግሩነቫልድ ደን ጀምረውት በነበረ የጦር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ተከመረ። ዛሬ ቶይፍልስበርግ፣ የሰይጣን ተራራ የሚባል 120 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኰረብታ ሆኗል፤ ሣርና ዛፍም በቅሎበታል። ራተናው በተገደለበት ቦታ በ1946 የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ፤ በአቅራቢያው የነበረው ትምህርት ቤትም በስሙ ተጠራ። ስለ ባቡር ጣቢያው ግን ዝምታው ረዥም ነበር። ጎላ ያለው ሐውልት፣ ፖላንዳዊው ቀራጺ ካሮል ብሮንያቶቭስኪ በሲሚንቶ ግንብ ላይ የሰዎችን ቅርጽ ባዶ አድርጎ የተወበት ሥራ፣ የቆመው በ1991 ነው። ባቡሮቹ ይነሡበት በነበረው በ17 ቁጥር መሥመር ላይ ደግሞ የጀርመን ባቡር ድርጅት ጃንዩወሪ 27 ቀን 1998 የመታሰቢያ ሥፍራ መርቋል። 186 የብረት ሰሌዳዎች በመሥመሩ ዳርና ዳር ተነጥፈዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ ቀኑ፣ የተጋዙት ሰዎች ቁጥርና መድረሻቸው ተጽፏል። ያ የሂሳብ ቋንቋ፣ ገዳዮቹ የተጠቀሙበት ቋንቋ፣ አሁን መስካሪ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። በሐዲዱ መካከል የበቀሉት ዛፎች አልተቆረጡም፤ ከዚህ መሥመር ዳግመኛ ባቡር እንደማይነሣ ምልክት ናቸው። ከዚያው አጠገብ ግን የከተማው ባቡር ዛሬም ሰው ያመላልሳል።

ግሩነቫልድ ዛሬም የባለጸጎች ሠፈር ነው። ከ2018 ወዲህ በተለያዩ ዓመታት፣ በሜይ 1 ቀን፣ የቤት ኪራይ ያስመረራቸው የበርሊን ነዋሪዎች በቪላዎቹ መካከል በቀልድ የተዋዛ ሰልፍ አድርገዋል። ቤቶቹን ዛሬ የያዙት ሰዎች በ1941 አልነበሩም፤ ለአባቶቻቸውም ሆነ ለማያውቋቸው ሰዎች ወንጀል ሊቀጡ አይገባም። ነገር ግን ከቅጣት ነጻ መሆንና ከጥያቄ ነጻ መሆን የተለያዩ ናቸው። ቤት የወረሰ ሰው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ የሆነውንም ይወርሳል። ማን ነበረ? እንዴት ወጣ? ብሎ መጠየቅ የቤቱ ዕዳ ነው። ዕዳውም በአንድ ሐውልት ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አባቶቻችን አባባል እንመለስ። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው ቃል ለዕውቀት የተሰጠ አደራ ነው፤ ምስክርነት ግን አይደለም። ተናጋሪው የተማረ ሰው እንዲህ ነው ማለቱ ሳይሆን እንዲህ ይሁን ማለቱ ነው። አደራውን ተቀባዮች ደግሞ እኛ ነን፤ የምናስተምር፣ የምንጽፍ፣ የምንቀርጽና የምንቀሰቅስ ሁሉ። ተማሪያችን ደብተሩን ይዞ ሲወጣ ምን ያህል አወቀ ብለን እንጠይቃለን፤ ተገቢ ነው። ግን ከዚያ ቀጥሎ መጠየቅ ያለብን ሌላ ጥያቄ አለ። ጎረቤቱ በዝናብ ሻንጣውን ተሸክሞ በበሩ ሲያልፍ ይህ ልጅ ምን ያደርጋል? መጋረጃውን ይስባል ወይስ በሩን ይከፍታል? ለዚህ ጥያቄ ዲፕሎማ መልስ አይሰጥም። መልሱ ዛሬ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ በየቀኑ በምናስለምደው ትንሽ ሥራ ውስጥ ነው ያለው።